ክርክር፦ የነዳጅ መኪና መከልከሉ ለሀገር ደህንነት ምን ያህል ይጠቅማል?

አወያይ፦ ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ቆሟል። ሲወራ የነበረው ስለ ዶላር ነው፤ ዛሬ በደህንነት በኩል እንየው። ስድብ የለም።

የአዳማ ልጅ፦ እኔ መቶ በመቶ እደግፋለሁ። ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ከባህረ ሰላጤው በመርከብ ጅቡቲ ይደርስና ከዛ በቦቴ ይገባል፣ መርከቦቹ የሚያልፉበት የሆርሙዝ ጠባብ ባህር ላይ ጦርነት ተነሳ በተባለ ቁጥር የኛ ማደያ ሰልፍ ይረዝማል። ህዳሴ ግን ጳጉሜን 4 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ የራሳችን ነው። የከተማው መኪና በመብራት ከሄደ የሚተርፈው ናፍታ ለሰራዊቱ ይሆናል።

ቦቴ ነጂ፦ ወንድሜ ሀሳብህ ጥሩ ነው ግን ታንኩም ኦራሉም (የሰራዊቱ ከባድ መኪና) ሄሊኮፕተሩም ሶኬት ላይ አይሰካም። በ2014 ጥቅምትና ህዳር ውጊያው ጅቡቲ መንገድ ላይ ወዳለችው ሚሌ ሲጠጋ እኛ መንገዱ ላይ የምንሰራ ሰዎች የፈራነው ያቺ አንድ አስፋልት ከተቆረጠች አዲስ አበባም ግንባሩም በምን ይንቀሳቀሳል ብለን ነው። አልተቆረጠችም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ዛሬም ዋናው መንገድ ያው እሱ ነው።

ሰላም ከመቀሌ፦ መብራትም ቢሆን ይቆረጣል እኮ። እኛ ከ2013 ክረምት እስከ 2015 ከዋናው መስመር ተቆርጠን ኖረናል፣ ሆስፒታሉ ጀነሬተር ነበረው፣ ለጀነሬተሩ ደግሞ ናፍታ የለም። ዩክሬንን እዩ፣ ሩሲያ በፈረንጆቹ ከ2022 መከር ጀምራ ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ነው የምትመታው፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ እቃ አይደለም፣ ታዞ ተሰርቶ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሁሉንም ነገር አንድ መስመር ላይ ከሰቀልን ተጋላጭነቱን ቦታ ነው ያስቀየርነው።

የአዳማ ልጅ፦ ሰላምዬ ያሳለፋችሁት ያማል፣ አልከራከርሽም። ግን ግድቡ ያለው እኛው መሬት ላይ ነው፣ የተመታ መስመር እኛው እንጠግነዋለን፣ የተዘጋ ወደብ ግን እኛ አንከፍተውም።

ጋሽ ታሪክ አዋቂ፦ ልጆች፣ አሰብ ማጣሪያ ነበረን፣ ሶቪየቶች የሰሩት። በ1989 ሲዘጋ የተባለው የተጣራ ነዳጅ መግዛት ይረክሳል ነው፣ በሂሳብ ደረጃ እውነት ነበር። በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና ወደቡን መጠቀማችንም አብሮ ቀረ። የዛን ጊዜ ሂሳብ የሰሩት ሰዎች ጦርነትን አላስገቡትም፣ እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቦቴ ነጂ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። ስለዚህ መኪናው በመብራት ይሁን፣ እኔም አልቃወምም፣ ግን ከሱ ጎን ለጎን አንድ ቦታ ያልተከማቸ፣ በየክልሉ የተበተነ ወራት የሚያቆይ የነዳጅ ዲፖ ይገንባ፣ ሁለተኛ መውጫም ይከፈት። ባቡሩን ደግሞ መጠባበቂያ ነው እንዳትሉኝ፣ እሱም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ እሱም ያው ጅቡቲ ነው።

ሰላም ከመቀሌ፦ ለሆስፒታልና ለውሃ ፓምፕም ሶላር ከነባትሪው ጨምሩበት፣ ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞተው እዛ ያለው ሰው ነው።

የአዳማ ልጅ፦ ዲፖውና ሶላሩ ላይ ተስማምቻለሁ። ክልከላው ይነሳ የሚል ካለ ግን አሁንም አልስማማም።