ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለበርና ለአልጋ የሚሆን ጣውላ ከየት? ደግሞስ መቼ?

ለበር፣ ለመስኮትና ለአልጋ የሚሆን እንጨት ከየት ልግዛ ላልሽው እህቴ፦ ከቦታው በፊት ወሩን ምረጪ። ከተማችን ውስጥ ያሉት እንጨት ቤቶች የሚይዙት ነገር ብዙም አይለያይም። ዋጋውና ድርቀቱ ግን ከወር ወር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ ክረምቱን ቆሞ የነበረው ግንባታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። በዚያ ላይ ለጥር ሠርግ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያሠራው ይጨመራል። ያኔ መሰንጠቂያ ቤት ብትሄጂ የምታገኚው ገና ውኃው ያልወጣለት ጣውላ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ገበሬው ለማዳበሪያና ለዘር ብር ስለሚያስፈልገው ዛፉን ያወጣል፤ ገዢው ደግሞ ቀዝቅዟል። ጓሮሽ ውስጥ ጣሪያ ያለው ቦታ ካለሽ ያኔ ገዝተሽ አስቀምጪ። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ብቻ በደንብ እስኪደርቅ ዓመት ገደማ ይፈልጋል።

አሁን ወደ እንጨቱ ዓይነት። ደጋው ላይ ያለን ነጩ ባሕር ዛፍ ነው። ጠንካራ ነው፣ ከሌላው ይረክሳል፣ ለጣሪያና ለቋሚ የሚተካከለው የለም። ለበር ግን ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል። ጣውላውን ስትመርጪ ጫፉን እዪው፤ ከመሐል ወደ ዳር የተተረተረ ከሆነ ስንጥቁ እያደር ወደ ውስጥ ይገባል። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጣውላዎች አንሺና ቀለል ያለውን ውሰጂ፣ የደረቀው እሱ ነው። ቤት ስታደርሺ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀቢው፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባሽ ደርድሪው፣ ከላይ ድንጋይ ጫኚበት። የበጋው ነፋስና ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይሰነጠቃል።

ወፍራም ግንድ ለምን ይጠፋል ለምትሉ፣ ምክንያቱ እዚሁ አጠገባችን ነው። ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት ገደማ ለአጣና ይደርሳል፤ ደህና ጣውላ ለማውጣት ግን አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። አጣና ሲወደድ ገበሬው በልጅነቱ ይቆርጠዋል፣ ማን ይፈርድበታል? ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን ዛሬ ለአጣና የሄደው ዛፍ ከዓመታት በኋላ መሰንጠቂያ ቤት አይመጣም። ፍላጎት በአንድ በጋ ይነሣል፣ ዛፍ በአንድ በጋ አያድግም። ለዚህ ነው ከዓመት ዓመት ሲታይ ዋጋው ከወጣ በኋላ ቶሎ የማይወርደው።

አቅሙ ካለሽ ለዋናው በርና ለአልጋው ዋንዛ አሠሪ፤ ብሩ የሚያስቆጭ አይደለም። ለመላጊያ ይመቻል፣ እንደ ባሕር ዛፍ አይጣመምም፣ ቫርኒሽ ሲነካው መልኩ ያምራል። ደጋው ላይ አይሆንለትም፤ ከሸዋ ሮቢት በኩል ካሉት ሞቃት ቦታዎችና ከጅማ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲወደድ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ስትገዢ ከየት እንደተቆረጠ የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቂ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ተተክቷል። በተለይ ጥድና ዝግባ በርካሽ ይዤ መጣሁ የሚል ደላላ ካጋጠመሽ አትግዢው። ከወፍ ዋሻ ደን ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ የመናገሻ ደን ዘር ሳይቀር ከዚያ እንደሄደ የሚነገርለት ደን ነው፣ ለአንድ በር ብለን ልናጠፋው አይገባም።

ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ለኩሽና ቁም ሣጥን ጥሩ ነው፤ ለውጭ በር አይሆንም፣ ውኃ ካገኘው ያብጣል። አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ዶላርን ተከትሎ ይሄዳል፤ በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። እሱ ሲወደድ አናጺዎች ወደ ጣውላ ስለሚመለሱ የጣውላውም ዋጋ አብሮ ይነሣል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠይቀሽ አወዳድሪ፣ ያለፈው ወር ዋጋ አይረዳሽም።

ከሥር አስተያየት ላይ «ዛፉን እንደቆመ ከገበሬው ብገዛስ» ላልከው ወንድሜ፦ ብዙ ጣውላ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ሙሉ ቤት ለሚሠራ፣ ይህ ከሁሉም ያዋጣል። ከመስማማትህ በፊት ግን የመቁረጫ፣ የመጫኛና የመሰንጠቂያ ሒሳቡን ደምርበት፣ የማጓጓዣ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣም ቀድመህ ተነጋገር፤ አለዚያ ኬላ ላይ ትቆማለህ። ለሁለት በርና ለአንድ አልጋ ከሆነ አትድከም፣ ከእንጨት ተራ መርጠህ ግዛ።