ጥቆማ ፈልጌ ነበር፦ ፓይለት ለመሆን የት መማር ይሻላል?

የማራኪዋ፦ ሰላም ጎንደሮች። ታናሽ ወንድሜ 12ኛን ጨርሶ ፓይለት ካልሆንኩ ብሎ ቤቱን እያመሰ ነው። እኛ ደግሞ አውሮፕላን የምናውቀው አዘዞ እንግዳ ልንቀበል ስንሄድ ብቻ ነው። ሦስት ነገር አስበናል። አየር መንገዱ ማስታወቂያ ሲያወጣ መወዳደር፣ አዲስ አበባ ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች ከፍሎ መማር፣ ወይም አጎታችን ያለበት ናይሮቢ መሄድ። የተማረ ካለ ይጠቁመን። ዋናው ጥያቄዬ የትኛው በጊዜው ያስጨርሳል የሚለው ነው።

ጃንተከል፦ ይሄም ጥያቄ ሆኖ? አየር መንገዱ ነዋ! በፈረንጆቹ 1946 ካይሮ የበረረ ድርጅት እያለ ናይሮቢ ምን ያስኬዳል?

የማራኪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን የሚወዳደረው ብዙ ነው። ካላለፈስ?

ጃንተከል፦ ያልፋል። የጎንደር ልጅ አይደለም እንዴ።

ሰሜን ንፋስ፦ እህትዓለም፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት ሜዲካሉን አስቀድሙ። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ ክላስ አንድ የሚባለው የጤና ምርመራ ግድ ነው። የሚሰጠው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በፈቀደላቸው ሐኪሞች ነው። መነጽር ብቻውን አይጥልም፣ በመነጽር አጥርቶ ካየ ይሆናል። ቀለም መለየት ላይ ግን ብዙ ልጅ ሳያስበው ይወድቃል። እዚሁ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ቀድሞ ቢታይ አዲስ አበባ ድረስ በከንቱ አይደክምም። መጀመሪያ ከፍሎ በኋላ ሜዲካል የወደቀ አውቃለሁ።

ደንቢያ፦ ስለ ክፍያ ከተነሳ እኔ ላውራ። እዚሁ ፒያሳ አንድ ቢሮ «አቪዬሽን እናስገባለን» ብሎ የምዝገባ ብር ተቀበለኝ። ግድግዳው ላይ የፓይለት ፎቶ ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ስደርስ የተመዘገብኩት ቲኬት ቆረጣ ነው! ብሬን ስጠይቅ «እሱም አቪዬሽን ነው» አሉኝ። እስካሁን አልመለሱልኝም።

ቀሃ፦ የትኛው ቢሮ ነው? ፎቅ ላይ ያለው?

ደንቢያ፦ ስም አልጠራም። ጉዳዩ ሕግ ዘንድ ነው።

ቀሃ፦ ፎቅ ላይ ያለው ነው። አውቄዋለሁ።

አይራ፦ ኧረ ቀሃ፣ ሳታውቅ የሰው ስም አታጥፋ። ለመሆኑ ቲኬት ቆረጣው እንዴት ነው? ሥራ ይገኝበታል? እህቴ ልትማር ነበር።

ደንቢያ፦ እኔ ብሬን ነው የምፈልገው እንጂ ቲኬት ልቁረጥ አላልኩም!

የአዘዞ ልጅ፦ ወንድሜ ትንሽ ታገስ። ቲኬት ከቆረጥክ በኋላ ተሳፋሪ ትሆናለህ፣ ከዚያ ወደ ኮክፒት ምን ያህል ይርቃል?

ደንቢያ፦ ሳቅ። ያልደረሰበት ይስቃል።

ዊልሰን፦ እኔ ናይሮቢ ነው የተማርኩት። ዊልሰን ኤርፖርት ግቢው ሁሉ ትንንሽ አውሮፕላንና የበረራ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለዚህ ምርጫ አለ። ግን የኬንያ ፈቃድ ይዞ አገር ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ወደ እኛው ማስቀየር አለበት። ምን ምን ፈተና እንደሚጠየቅ ሳይነሳ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጠይቁ። የአጎት ቤት መኖሩ ለኪራይና ለምግብ ይረዳል፣ የበረራ ሰዓቱን ዋጋ ግን አይቀንስም።

ጃንተከል፦ እኔ እኮ ብያለሁ። ቀያይሩ፣ ተንከራተቱ! አየር መንገዱ ያስተምራል፣ ያስቀጥራል፣ አለቀ።

ሰሜን ንፋስ፦ ጋሼ፣ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አያስተምርም። ተወዳድሮ ያለፈው ለዓመታት ለማገልገል ውል ይፈርማል፣ ዋስም ይጠራል። የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ፣ አሁን የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ በራሱ ከፍሎ የሚማርም ይቀበላል። ከፍሎ መጨረስና መቀጠር ግን ለየብቻ ናቸው።

ጃንተከል፦ አባቴ በድሮው ዲሲ 3 አውሮፕላን ተሳፍሮ ያውቃል። እኔን ስለ አየር መንገዱ አታስተምረኝ።

የአዘዞ ልጅ፦ በቃ ይሄ ማስረጃ ተቀብለናል።

(ቀልዱ እዚህ ይብቃኝ። የማራኪዋ፣ አንድ ዘመዴ በግል ትምህርት ቤት ስለጨረሰ የታዘብኩትን ልንገርሽ። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ በዓለም አቀፉ ደንብ ቢያንስ 200 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፣ በተፈቀደ የተያያዘ ሥልጠና ከሆነ 150። ዕድሜ ደግሞ 18። የሚያዘገየው ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ልጁ ሰዓቱን የሚሞላበት አውሮፕላን መጥፋቱ ነው። ትምህርት ቤቱ «አምስት ሴስና አለን» (ትንሿ የመለማመጃ አውሮፕላን ናት) ሲል ዛሬ የሚነሳው ስንት ነው ብለሽ ጠይቂ። አንዱ ጥገና ላይ፣ አንዱ መለዋወጫ ጥበቃ ላይ ሊሆን ይችላል። አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዟል? ክረምት ላይስ ደመናው ሲወርድ ስንት ቀን ቁጭ ይላሉ? ይህን ሁሉ ቢሮ ሳይሆን ግቢው በር ላይ ተማሪዎቹን ጠይቂ፣ እነሱ አይደብቁም። ዋጋ ሲነግሩሽ ደግሞ ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረሩና የባለ ሁለት ሞተሩ ሥልጠና ውስጡ አለ ወይ? የፈተናና የድጋሚ ፈተናውስ? ሙሉውን ብር በአንዴ አትክፈሉ፣ በየደረጃው ይሁን። ባለሥልጣኑ ለትምህርት ቤቱ የሰጠውን ፈቃድም በዓይናችሁ እዩ።)

ቀሃ፦ የአዘዞ ልጅ ቁም ነገር አወራ! ዛሬ ዝናብ ይጥላል።

የማራኪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄ በጣም ጠቀመኝ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለመማር ይከብዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

ዊልሰን፦ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሿ ሞተር ጉልበት ታጣለች፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ለተማሪ ግን አይከፋም፣ ሙቀትና ክብደት አስልቶ መነሳትን ቶሎ ይለምዳል። ዊልሰንም እኮ ወደ 1,700 ሜትር ይጠጋል።

አይራ፦ ለምን የጥገና ቴክኒሻን አይሆንም? አውሮፕላኑንም ያገኛል፣ ማታም ቤቱ ይገባል።

የማራኪዋ፦ እናታችንም እንደዚሁ ነው የምትለው። ልጁ አይሰማም።

ደንቢያ፦ ማንም ቢሆን ፒያሳ ብር እንዳይከፍል። አሁንም እደግመዋለሁ።

ጃንተከል፦ ፒያሳ ያልኩ እኔ ነኝ? አየር መንገዱ ነው ያልኩት።

ቋሪት፦ ይቅርታ፣ ላይ ላዩን ነው ያነበብኩት። ጎንደር ውስጥ ጥሩ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ የቱ ነው? ሕዝብ 1።

ቀሃ፦ የት ሰፈር ነህ? ለአዘዞ የሚቀርብህ ከሆነ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ጎበዝ አስተማሪ አለ። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

አይራ፦ ቀሃ አንተ እኮ ሁለት ጊዜ ወድቀሃል።

ቀሃ፦ ፈታኙ ነው እንጂ አስተማሪው ምን አጠፋ?

ሰሜን ንፋስ፦ የማራኪዋ፣ ሜዲካሉ ምን ሆነ? የቱን መረጣችሁ?

ቋሪት፦ ቀሃ፣ ጻፍኩልህ። ስንት ይጠይቃል?