ሾተላይ አለብሽ ተብዬ የልጄ አንጎል ለምን ይታያል?

ጠያቂ፦ እስቲ እህቶች አስረዱኝ። ደሜ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ የባለቤቴ ፖዘቲቭ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የሾተላይ መርፌ አልተወጋሁም። አሁን 26 ሳምንቴ ነው። ደሜ ሲመረመር አንቲቦዲ (ፖዘቲቭ ደምን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ) ተገኘ፣ መጠኑም ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሐኪሙ የፅንሱ አንጎል የደም ፍሰት በየጊዜው በዶፕለር (የደም ፍጥነት በሚለካ አልትራሳውንድ) ይታያል አለኝ። ችግሩ ደም ከሆነ አንጎሉን ምን አመጣው? ልጄ አንጎሉ ተነክቶ ይሆን? እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሏል።

አዋላጅ ነርስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አንጎሉ ታመመ ማለት አይደለም። ያንቺ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ልጁ ደም ሲያንሰው ደሙ ይቀጥናል፤ ቀጭን ደም ደግሞ ፈጥኖ ይሮጣል። ያ ፍጥነት የሚለካው አንጎል ውስጥ ባለ አንድ የደም ቧንቧ ላይ ነው። ቧንቧው ከአልትራሳውንዱ ሞገድ ጋር ቀጥ ብሎ ስለሚገጥም ለመለካት ይመቻል። ድሮ ይህን ለማወቅ በመርፌ የሽርት ውሃ ይቀዳ ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔም አልፌበታለሁ። ምንም አያምም። መሃል ላይ ሐኪሟ ዝም ብላ ስታቆም ክፉ ነገር ያየች መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ልጁ ስለተገላበጠ እስኪረጋ እየጠበቀች ነው! በ37 ሳምንት ወለድኩ። ቢጫ ሆኖ ጥቂት ቀን መብራት ስር ቆየ፤ ዛሬ ይሯሯጣል።

የራዲዮሎጂ ሐኪም፦ ቁጥሩን ያለ ሳምንቱ አታንብቢው። በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር በ26 ሳምንት ድንበሩ አካባቢ ነው፤ በ34 ሳምንት ግን ጤነኛ ነው። ድንበሩ ለሳምንቱ ከሚጠበቀው መካከለኛ ፍጥነት 1.5 እጥፍ ነው። ከዚያ ካለፈ ከባድ የደም ማነስ ይጠረጠራል። ያኔ በእትብቱ በኩል ለፅንሱ ደም ሊሰጠው ይችላል። ይህ የሚሠራው በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ስለሆነ፣ ካስፈለገ የት እንደምትላኪ ሐኪምሽን ከአሁኑ ጠይቂ። ከ35 ሳምንት በኋላ ልኬቱ በከንቱ የሚያስደነግጥበት ጊዜ ይበዛል።

ሌላ አባል፦ እኔም ኔጌቲቭ ነኝ፤ አንቲቦዲ ግን የለኝም። ዶፕለሩ ያስፈልገኛል?

አዋላጅ ነርስ፦ ለሾተላይ ብለሽ አያስፈልግሽም፤ አንቺ መርፌውን ያዢ። አንዱን በ28 ሳምንት፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ። ውርጃ ካጋጠመሽም ሐኪምሽን ስለ መርፌው ጠይቂ። አንቲቦዲው አንዴ ከተፈጠረ መርፌው አይመልሰውም፤ ለዚህ ነው ለጠያቂዋ ያልታዘዘላት።

ጠያቂ፦ አንጀቴን አራሳችሁት። ነገ ቀጠሮዬ ነው። ሳምንቱንና ቁጥሩን አንድ ላይ ጻፉልኝ እላቸዋለሁ።