ከ12ኛ ወደ 5ኛ ፒክ ልውጣ ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እስከ ነገ ማታ መልስ መስጠት አለብኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በሥራ ቦታችን 16 ሰዎች ሆነን የድራፍት ጨዋታ ጀምረናል። የአሜሪካ ፉትቦልን ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) 32 ቡድኖች በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ሰባት ዙር አለው። ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ቡድኖቹ ግን ተራቸውን (ፒክ የሚባለውን) እርስ በርስ መለዋወጥ ይችላሉ።

ለእያንዳንዳችን አንድ እውነተኛ ቡድን በዕጣ ደርሶናል። በዚያ ቡድን ፒኮች ከእውነተኛው ድራፍት በፊት እንመርጣለን። የመረጥነው ልጅ የትም ቡድን ይግባ፣ በመጀመሪያ ተሰላፊነት የጀመረው እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው) ከሆነ ሁለት። ጨዋታው ሦስት ዓመት ይቆያል። በየዓመቱ አዲስ ምርጫ አለ፤ የቡድናችን የሚቀጥለው ዓመት ፒኮችም የእኛው ናቸው።

እኔ 12ኛ ነኝ። ሁለተኛ ዙር ላይ 44ኛ ፒክ አለኝ። በጣም የወደድኩት አንድ ኳርተርባክ አለ፣ ጨዋታዎቹን ሙሉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እስከ 12 የሚደርስ አይመስለኝም። 5ኛው ፒክ ያለው ባልደረባዬ ሊለቅልኝ ፈቃደኛ ነው። የጠየቀኝ 12ኛውን፣ 44ኛውን፣ በዚያ ላይ የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙር ፒኬን ነው። የደረሰኝ ቡድን ባለፈው ዓመት ከ17 ጨዋታ 7 ነው ያሸነፈው።

ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ?

የዳላስ ልጅ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ዳላስ ካውቦይስ ጋ በአሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ዘመን የወጣ የፒክ ዋጋ ሰንጠረዥ አለ። አንደኛ ፒክ 3000 ነጥብ ነው። 5ኛ 1700። 12ኛ 1200። 44ኛ 460።

ስለዚህ 12 እና 44 አንድ ላይ 1660 ይሆናሉ። የጎደለህ 40 ነጥብ ብቻ ነው። አንድ የአራተኛ ዙር ፒክ ትሞላዋለች። እሱ ግን በ40 ነጥብ ፈንታ የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙር ይልሃል። በተለመደው አሠራር የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዙር እንደ ዘንድሮ ሁለተኛ ዙር ቢታይ እንኳ ብዙ መቶ ነጥብ ነው። በጣም ተወዶብሃል።

እርግጥ ለኳርተርባክ ሁሌም ከሰንጠረዡ በላይ ይከፈላል። ግን ምን ያህል በላይ? ካንተው 12ኛ ቦታ የተነሱ ሁለት ቡድኖችን ልንገርህ። በ2018 ባፋሎ ቢልስ ከ12 ወደ 7 ወጣና ጆሽ አለንን ወሰደ። ለታምፓ ቤይ የሰጠው 12ኛውንና ሁለት የሁለተኛ ዙር ፒኮችን ነው፣ 53ኛና 56ኛ። የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙር አልነካም። በ2021 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ከ12 ወደ 3 ወጥቶ ትሬይ ላንስን ወሰደ። ለማያሚ 12ኛውን፣ የ2022ንና የ2023ን አንደኛ ዙር፣ በላዩ ላይ አንድ የሦስተኛ ዙር ፒክ ሰጠ። አለን የ2024 የውድድር ዘመን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ላንስ ለሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው አራት ጨዋታ ነው። ከዚያ በአንድ የአራተኛ ዙር ፒክ እዚሁ ዳላስ መጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከድሮው

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ 2012 ነው ትዝ ያለኝ።

ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው ስለ ሮበርት ግሪፈን ነበር። የዋሽንግተን ቡድን ከ6ኛ ወደ 2ኛ ለመውጣት ለሴንት ሉዊስ ራምስ 6ኛውን ፒክ፣ የዚያኑ ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያም የ2013ንና የ2014ን አንደኛ ዙር ሰጠ። አራት ፒክ ለአንድ ልጅ። እኛ ግን ማን ቆጠረ! ከተማው በደስታ ሰከረ። የጫንኳቸው ሰዎች ሁሉ ስለ እሱ ያወራሉ። ልጆቼ ማሊያውን ካልገዛህልን ብለው ያዙኝ፣ ገዛሁላቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ሕልም ነበር። 10 አሸንፈን 6 ተሸነፍን፤ ምድባችንን በአንደኝነት ጨረስን። እሱም የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። ከዚያ ጃንዋሪ 2013፣ ከሲያትል ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ጉልበቱ ሄደ። ያን ቀን እቤት ተሰብስበን ነበር የምናየው። ቤቱ ጸጥ አለ። ትንሹ ልጄ አለቀሰ።

በሚቀጥለው ዓመት 3 አሸንፈን 13 ተሸነፍን። እዚህ ላይ ልብ በል። በዚያ ውጤት የእኛ ፒክ 2ኛ ሆነ። ግን የእኛ አልነበረም፣ ቀደም ብለን ሸጠነዋል። ራምሶች ወሰዱት። በ2014 ዲሴምበር እዚሁ ሜዳችን ሲመጡ፣ ሳንቲም ሲወረወር ከእኛ ባገኟቸው ፒኮች የመረጧቸውን ልጆች አምበል አድርገው አሰለፉ። 24 ለ 0 አሸንፈውን ሄዱ።

ሌላም ነገር ልጨምር። በዚያው በ2012 ድራፍት አራተኛ ዙር ላይ 102ኛ አድርገን ከርክ ከዝንስን ወስደን ነበር። ከ2015 እስከ 2017 ኳርተርባካችን ሆኖ የቆየው እሱ ነው።

የተጠየቅከው እኮ ልክ እንደ ዕቁብ ተራ መግዛት ነው። ዕጣ የወጣለትን ሰው ጨመር አድርገህ ሰጥተህ ተራውን ትገዛለህ። የቤት ኪራይ ደርሶብህ ከሆነ ወይም መኪናህ ተበላሽቶ ሥራ ከቀረህ ትገዛለህ፣ ጥፋት የለውም። የሚቀጥለውን ዙር መዋጮ አስይዘህ ግን አትገዛም። የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዙር የዘር እህል ነው። አትንካው።

ዴንቨር

ጋሼ፣ በአክብሮት ልለይዎት። ኳርተርባክ ከተገኘ ዋጋ አይጠየቅም።

እኔ የዴንቨር ብሮንኮስ ደጋፊ ነኝ። በ2017 ካንሳስ ሲቲ ከ27 ወደ 10 ወጥቶ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። ለባፋሎ የሰጡት 27ኛውን፣ አንድ የሦስተኛ ዙር ፒክ፣ አዎ፣ የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙርም ጭምር። ዛሬ ያንን ፒክ የሚያስታውስ የለም። ማሆምስ ሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) በልቷል። እኛ ካንሳስ ሲቲን ሳናሸንፍ 16 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈናል፣ እስከ 2023 ኦክቶበር። እያንዳንዷን አይቻለሁ። ባልትሞር ላማር ጃክሰንን በ2018 ያገኘውም ወደ አንደኛ ዙር ተመልሶ 32ኛ ላይ ወጥቶ ነው። ልጁን ካመንክበት ውሰደው። ኳርተርባክ እጥፍ ነጥብ ነው ብለሃል እኮ።

ሻርሎት፣ እናት

ወንድሜ ከዴንቨር፣ ማሆምስን ጠቅሰሃል። እኔ የምኖረው ሻርሎት ነው። የእኛን ላውራ።

በ2023 የከተማችን ቡድን ፓንተርስ ከ9 ወደ 1 ወጥቶ ብራይስ ያንግን ወሰደ። ለቺካጎ የሰጡት 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024 አንደኛ ዙር፣ የ2025 ሁለተኛ ዙር፣ በዚያ ላይ ዲጄ ሙርን። ሙር የቡድናችን ምርጥ ኳስ ተቀባይ ነበር። አዲሱን ልጅ ኳስ የሚይዝለትን ሰው ሸጠው ነው ያመጡት። ያን ዓመት 2 አሸንፈን 15 ተሸነፍን። ፒካችን አንደኛ ሆነ፣ ቺካጎም በእሱ ኬሌብ ዊሊያምስን ወሰደ።

ካንሳስ ሲቲ የሸጠው ፒክ 22ኛ ነው የሆነው። የእኛ 1ኛ። ልዩነቱ ይሄ ነው። ካንሳስ ሲቲ በ2016 12 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ጥሩ ቡድን የሚቀጥለውን ዓመት ፒክ ሲሸጥ ትንሽ ነገር ነው የሚሸጠው። ደካማ ቡድን ግን ምን እንደሸጠ የሚያውቀው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። የአንተ ቡድን 7 ነው ያሸነፈው። ዘንድሮ 4 ቢያሸንፍስ?

ሚኒያፖሊስ

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የጨዋታችሁን ደንብ ደግመህ አንብበው። ነጥብ የሚገኘው ልጁ ሲጀምር ነው። የት ቡድን እንደሚገባ ደግሞ ገና አልታወቀም።

ማሆምስ በመጀመሪያ ዓመቱ የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከፊቱ ነባሩ ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ ነበረ። የባሰም አለ። ግሪን ቤይ በ2020 ከ30 ወደ 26 ወጥቶ ጆርዳን ላቭን ወሰደ። ነባሩ ኳርተርባክ ኤረን ሮጀርስ ስለነበረ ላቭ በሦስት ዓመት የጀመረው አንድ ጨዋታ ነው። ዋና የሆነው በ2023፣ በአራተኛ ዓመቱ ነው። ለግሪን ቤይ ጥሩ ሆነ። በእናንተ ጨዋታ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ነጥብ!

ጥሩ ኦፌንሲቭ ታክል (ኳርተርባኩን ከተቃራኒ ተጫዋቾች የሚከልል) ግን አንደኛ ዙር ላይ ከተወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል። በሦስት ዓመት 51 ጨዋታ አለ። ካልተጎዳ አብዛኛውን ታገኘዋለህ። 44ኛውም የራሱን ያመጣል። የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዙርም ሁለት ዓመት ነጥብ ያስገባልሃል። ሦስት ምንጭ ትተህ አንድ ልጅ ላይ ነው የምትንጠለጠለው።

ሲያትል

ባጭሩ። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር (በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቴለር) ድራፍቱን አጥንተው ነበር። ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች በእሱ ቦታ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 ከመቶ ጊዜ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙ አይለይም። ሳን ፍራንሲስኮን ተመልከት፣ በሦስት አንደኛ ዙር ፒክ ያልተገኘው ኳርተርባክ በ2022 በመጨረሻው ፒክ በ262ኛ ተገኘ። ብሮክ ፐርዲ በሁለት ዓመት ውስጥ ሱፐር ቦውል አደረሳቸው።

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የልጅዎት ነገር ልቤን ነካኝ።

የሚኒያፖሊሱ ያለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ደንቡን እኔው ራሴ ጽፌው ይህን አላሰብኩም። አሁን እያሰብኩ ያለሁት ተለዋጭ ሐሳብ ለማቅረብ ነው፦ 12፣ 44 እና የዘንድሮ አራተኛ ዙር። የዳላስ ልጅ፣ ትክክል ነው?

የዳላስ ልጅ

በሰንጠረዡ ልክ ነው። ባፋሎም ለአለን የከፈለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚቀጥለውን ዓመት ካነሳ ግን ተነስተህ ሂድ። ደግሞ እስከ ድራፍቱ ሌሊት ድረስ አትቸኩል። ልጁ 8ኛ ወይም 9ኛ ድረስ ከወረደ ዋጋው ይቀንሳል። 8ኛ ፒክ 1400 ነው። ያኔ በ12ኛውና በአንድ የሦስተኛ ዙር ፒክ አካባቢ ልትወጣ ትችላለህ፣ 44ኛውም ይቀርልሃል።

ዴንቨር

እኔ አሁንም ብትወስደው ይሻላል ባይ ነኝ። ግን የሻርሎቷ እህቴ ያለችው ገብቶኛል። 7 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ካንሳስ ሲቲ አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከድሮው

በ2024 ዋሽንግተን 2ኛ ፒክ ነበረን። የትም አልሄድንም፣ ምንም አልሰጠንም። ጄይደን ዳንኤልስን ወሰድንና 12 አሸነፍን፣ የኮንፈረንሱ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦውል በፊት ያለው ጨዋታ) ደረስን። ያ ያለቀሰው ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ነው። ደውሎልኝ አብረን ነው ያየነው።

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)

ዛሬ ምሳ ላይ አነጋገርኩት። 12፣ 44 እና አራተኛ ዙር አልኩት። «የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዙር ከሌለበት አይሆንም» አለ። እንግዲያው ይቅር አልኩት። 8ኛው ፒክ ያላት ባልደረባችን ልጁ እሷ ጋ ከደረሰ እንደምንነጋገር ነግራኛለች። ካልደረሰ ታክል እወስዳለሁ። ዛሬ ማታ የሦስት ታክሎችን ጨዋታ አያለሁ፤ የምትወዱት ካለ ስሙን ጣሉልኝ።