ቱሉ፣ ደብር፣ አድባር፦ የጋራ ላይ መንደርና የቤተ ክርስቲያኑ ስም

የሂርማታ ልጅ፦ ጅማ ዙሪያ ላለ አንድ መንደር የታፔላ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው። የመንደሩ ስም በ«ቱሉ» ይጀምራል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደብረ ምሕረት ቅዱስ ሚካኤል ነው። ረቂቁ «በቱሉ ተራራ ኮረብታማ መንደር የሚገኝ የምሕረት ተራራ ገዳም» ይላል። የቱ ይታረም?

ፊደል ቆጣሪ፦ የማይታረመው የቱ እንደሆነ ብትጠይቅ ይቀል ነበር። «ቱሉ» በኦሮምኛ ራሱ ተራራ ነው፤ «ቱሉ ተራራ» ሲባል ሁለቴ ተጠራ። ባሌ ያለው 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱም «ቀይ ተራራ» ማለት ነው፤ ግን ማንም ስሙን ተርጉሞ አይጠራውም። የመንደሩም ስም እንዳለ ይቀመጥ።

ስሙ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍም ተጠንቀቁ። በእኛ ፊደል የ«ሉ» መጥበቅ አይታይም፤ በቁቤ ግን ተነባቢው ይደረባል፣ የመጨረሻው አናባቢም ረጅም ስለሆነ ይደገማል። አማርኛውን ብቻ አይቶ ወደ ቁቤ የሚገለብጥ ሰው ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ስለዚህ ቁቤው ተናጋሪውን ጠይቆ መጀመሪያ ይጻፍ፣ አማርኛው ከዚያ ይቀዳ።

«ኮረብታማ መንደር» ደግሞ ኮረብታ የበዛበት መንደር ነው። ይኼ አንድ ጋራ ላይ የተቀመጠ ከሆነ የትኛው ክፍሉ ላይ እንደሆነ ይነገር፦ አናቱ፣ አፋፉ፣ ወገቡ ወይስ ግርጌው?

የሂርማታ ልጅ፦ ወገቡ ላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቶቹ በላይ ነው።

ባለ ድጓ፦ እንግዲህ ወደ ደብሩ። «ደብር» በግዕዝ ተራራ ነው፤ «ደብረ ምሕረት» ቃል በቃል የምሕረት ተራራ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ስም ውስጥ ግን የመሬቱን አቀማመጥ አይናገርም፤ አዲስ አበባ መርካቶ ያለው ራጉኤልም «ደብረ ኃይል» ነው። የክብር ስም ስለሆነ አይተረጎምም። «ገዳም» ከነጭራሹ ይውጣ፦ መነኮሳት በማኅበር የሚኖሩበት ነው፣ በግዕዝ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነበር። ለቅዳሴ የሚያስፈልጉት ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ስላሉ ብቻም አጥቢያው ገዳም አይባልም።

የሂርማታ ልጅ፦ አንዱ ሽማግሌ «የአገሩ አድባር» ይባል ብለዋል።

ባለ ድጓ፦ አባታችን ሥሩን ይዘዋል፤ «አድባር» በግዕዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው። መዝሙር 148 ላይ «አድባር ወኵሉ አውግር» ይላል፦ ተራሮች፣ ኮረብቶችም ሁሉ። «አድባር አውጋር» የምንለውም ከዚያው ዘር ነው። አማርኛው ግን ቃሉን ነጠላ አደረገውና አገር ትጠብቃለች ለምትባለው መንፈስ፣ ለታላቁ ዛፍ፣ ሲያከብሩትም ለሰፈር ሽማግሌ ሰጠው። ቤተ ክርስቲያኖችን ለማለት «አድባራት» ነው የሚባለው። «የጅማ አድባራት» ስትል ካህን ይመጣልሃል፤ «የጅማ አድባር» ስትል ቡና ይፈላልሃል። ሚካኤል ታፔላ ላይ ሁለተኛውን የሚጽፍ ካለ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ይነጋገር።

ፊደል ቆጣሪ፦ እንግዲያው ከላይ የመንደሩ ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ «ደብረ ምሕረት ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን»። ማብራሪያ ካስፈለገ ሥሩ በትንሽ ፊደል «መንደሩ በጋራው ወገብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከበላዩ»። «የጋራ ቤተ ክርስቲያን» ግን እንዳትጽፉ፤ ሁለት መንደር ተካፍሎ የሠራው ይመስላል።