አጽም ያለ ጡንቻ በምን ኃይል ይራመዳል? ለምናባዊ ጨዋታ ሙታን ሳይንስ መሰል ማብራሪያ ስለ መፍጠር

ጥያቄ፦ ከጨዋታ መሪው

ከጓደኞቼ ጋር በዳይስና በወረቀት የምንጫወተውን የምናባዊ ዓለም ጨዋታ የምመራው እኔ ነኝ። ታሪኩ የሚካሄደው በጨው ንግድ በበለጸገች አንዲት ደጋማ ከተማ ነው፤ ከከተማዋ በታች ባሉት የድሮ ዋሻዎች ደግሞ ሞተው የማያርፉ ፍጡራን አሉ። እነርሱም የሚራመዱ ሬሳዎች፣ ዘብ የሚቆሙ አጽሞች፣ ደም የሚመጥጡ መኳንንትና በአንድ የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚታይ መንፈስ ናቸው። እስካሁን «አስማት ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። ሆኖም ከተጫዋቾቼ አንዷ የነርሲንግ ተማሪ፣ ሌላው መሐንዲስ በመሆናቸው «ጡንቻ የሌለው አጽም ሰይፍ የሚያነሣው በምንድን ነው?»፣ «ሬሳው ምን በልቶ ይሄዳል?» የሚሉ ጥያቄዎች በየጊዜው ይነሣሉ፤ እኔም ጥያቄዎቹ ለጨዋታው ጣዕም ሲጨምሩለት ስላየሁ ልሸሻቸው አልፈለግሁም። እውነተኛ ሳይንስ መሆኑ አያስጨንቀኝም። ለጆሮ ሳይንስ የሚመስል፣ እርስ በርሱ የማይጣረስና ተጫዋቾቹ ደርሰውበት ሊገለገሉበት የሚችሉት ማብራሪያ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የባዮሎጂ መምህር

ለሚራመደው ሬሳ ከፈንገስ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በሞቃታማ ደኖች ውስጥ ጉንዳንን የሚያጠቃ ኦፊዮኮርዲሴፕስ የተባለ ፈንገስ አለ። የተያዘው ጉንዳን ከጎጆው ወጥቶ፣ ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለ ቅጠል ይወጣና የቅጠሉን ደም ሥር በመንጋጋው ነክሶ እዚያው ይሞታል፤ ከዚያም ከራሱ አካባቢ ዘንግ የመሰለ ነገር በቅሎ ስፖሮቹን (የሚራባባቸውን ዘር መሳይ ብናኞች) ከታች በሚያልፉት ጉንዳኖች ላይ ያዘንባል። ብዙ ሰው ፈንገሱ አንጎልን የሚማርክ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ግን የፈንገሱ ሕዋሳት በጡንቻዎቹ ዙሪያ መረብ ሠርተው ሳለ አንጎሉን ሳይወርሩ መገኘታቸውን አሳይቷል። ይህችን አንዲት ነጥብ ወደ ጨዋታዎ ቢያስገቡ የእርስዎን ሬሳ ጭንቅላቱን መቁረጥ አያቆመውም፤ የሚያቆመው የጉልበቱንና የክንዱን ጅማት መበጠስ ነው። ነርሷ ተጫዋችዎ ይህን ያወቀች ዕለት የውጊያው መልክ ይለወጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሬሳ መድረቅ፣ ማለትም የጡንቻዎቹ መገተር ነው። ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ የሚላላው ኤቲፒ በተባለው የኃይል ሞለኪውል አማካይነት ስለሆነ፣ ሰው ሞቶ ኤቲፒው ሲያልቅ ጡንቻው እንደተቆለፈ ይቀራል። ሁኔታው ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመንጋጋና ከፊት አካባቢ ይጀምርና በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካልን ያዳርሳል፤ ከዚያም እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ እየላላ ይሄዳል። በብርድ ቦታ ይረዝማል። እንግዲህ ፈንገሱ አዲስ ኤቲፒ እያመረተ ጡንቻውን የሚያነቃው ሬሳው ከላላ በኋላ ነው ብለው ይደንግጉ፤ በቆላ የሞተው ፈጥኖ ይነሣል፣ በደጋዋ ከተማዎ የሞተው ይዘገያል፣ በበረዷማ ዋሻ የተቀመጠው ደግሞ መቼ እንደሚነሣ ማንም አያውቅም።

የምግቡን ጥያቄ በሒሳብ መመለስ ይቻላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። 10 ኪሎ ስብ ያለበት ሬሳ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ቢያቃጥል ስቡ ከ38 ቀን ብዙም አያልፍም፤ ቁጥሩ ለአርባው መቅረቡ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው በነጻ የተገኘ ስጦታ ነው። ከዚያ በኋላ ሬሳው ወይ ይወድቃል፣ ወይ የገዛ ጡንቻውን ይበላል፣ ወይ ሌላ ሥጋ ይፈልጋል።

ከተማዋ የጨው ከተማ መሆኗን ደግሞ አይርሱት። ጨው ከሥጋ ውስጥ ውኃን ስለሚስብ ፈንገስ የሚያድግበትን እርጥበት ይነፍገዋል፤ የጥንት ግብፃውያንም ሬሳን ለ40 ቀን ገደማ በናትሮን ጨው ውስጥ እያቆዩ ያደርቁ የነበረው ከመበስበስ ለማዳን ነው። በአሞሌ በሚገበያይ ከተማ ሀብታሙ ሬሳውን በጨው ያስቀብራል፣ ድሃው ግን የመቃብር ጨው መግዣ ስለሌለው ተነሥቶ ይራመዳል። እኔ የጨዋታው መሪ ብሆን ታሪኩን በሙሉ በዚህ ላይ እገነባ ነበር፤ የጨው ግብር የጨመረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ምሽት ያጫውታል።

መልስ፦ ከአንድ የታሪክ አንባቢ

የመምህሩ ሐሳብ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ኤቲፒና ኪሎ ካሎሪ የሚሉት ቃላት ማይክሮስኮፕ በሌለበት ከተማ ውስጥ ከማን አፍ ይወጣሉ? መሪው ያን ሁሉ በልቡ ይያዘው። የከተማዋ ሊቃውንት ግን በራሳቸው ዘመን ቋንቋ፣ ግማሹን ትክክል ግማሹን ስሕተት አድርገው ቢያስረዱ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ የተጣሉ የሳይንስ ሐሳቦች ታሪክ የማይነጥፍ ምንጭ ነው። ነገር ሲቃጠል ፍሎጂስተን የተባለ ነገር ከውስጡ ይወጣል የሚለው ሐሳብ በ18ኛው መቶ ዘመን በኬሚስቶች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ነበረው፤ ያፈረሰው ላቮይዝዬ ነው። በሽታ ከክፉ ሽታ ይመጣል የሚለው እምነትም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ዘልቋል።

ለእርስዎ ከሁሉ የሚበጀው የጋልቫኒና የቮልታ ክርክር ይመስለኛል። ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ ሲፈራገጥ አይቶ፣ በእንስሳት አካል ውስጥ የራሱ ኤሌክትሪክ አለ ሲል እ.ኤ.አ. በ1791 ጻፈ። አሌሳንድሮ ቮልታ በበኩሉ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከሁለቱ የተለያዩ ብረቶች ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም እ.ኤ.አ. በ1800 ባትሪን እስከ መሥራት አደረሰው። የጋልቫኒ የእህት ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1803 ለንደን ውስጥ በስቅላት በተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ባትሪ ሲያገናኝ መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑ ተከፈተ፣ እጁም ተነሥቶ ተጨበጠ። ስለዚህ በከተማዎ ሁለት ተቀናቃኝ ትምህርት ቤቶች ይኑሩ፤ አንደኛው ኃይሉ በአጥንት ውስጥ ነው የሚል፣ ሁለተኛው ኃይሉ አጽሙ በታጠቀው መዳብና ብረት ውስጥ ነው የሚል።

ደግሞም አጥንት ሲጫኑት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ፉካዳና ያሱዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ኃይሉ ሰይፍ ሊያነሣ ቀርቶ ትንኝም አያነሣም፣ ሆኖም ለመሐንዲሱ ተጫዋችዎ እዚህ ላይ አንድ ሐሰት ቢጨምሩበት በደስታ ይቀበለዋል። የዚህ ባሕርይ ምንጭ በአጥንት ውስጥ ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው ተብሎ ይታመናል፤ እሳት ደግሞ ኮላጅንን ያጠፋል። ስለዚህ የተቃጠለ አጥንት ከቶ አይነሣም። ለናሙና የአንዱን ትምህርት ቤት ድርሳን እንዲህ ጽፌልዎታለሁ፦

«አጥንት የተሰበሰበ መብረቅ ማደሪያ ነው። ሕያው ሰው በረገጠ ቁጥር ጥቂት መብረቅ ወደ አጥንቱ ይገባል፤ ብዙ የተራመደ፣ ብዙ ሸክም የተሸከመ ሰው አጥንቱ ብዙ ያከማቻል። ስለዚህ ከመኳንንት አጽም ይልቅ የተሸካሚ አጽም ፈጥኖ ይነሣል። መዳብ የታጠቀውን አትንኩት፤ በደረቅ እንጨት ምቱት።»

መልስ፦ ከአንዲት የጤና ባለሙያ

ደም መጣጮቹን ለእኔ ተዉልኝ። አንድ ስፔናዊ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ የቫምፓየር ተረትን ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር አያይዞታል፤ በንክሻ መተላለፉ፣ እንቅልፍ ማሳጣቱ፣ በብርሃንና በኃይለኛ ሽታ መነሣሣቱ፣ ውኃ ለመዋጥ ሲሞከር ጉሮሮን ማኮማተሩ ሁሉ ይመሳሰላል። ምልክቱ ከንክሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሚወጣ፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ ተነክሶ ለብዙ ጊዜ ሳያውቀው ሊቆይ ይችላል። (ከጨዋታው ውጭ ግን ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያውኑ ክትባት ይፈልግ፤ ምልክቱ ከወጣ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።) ፖርፊሪያ የተባለውን የደም ሕመም ከቫምፓየር ጋር የሚያገናኘውን ሌላ ሐሳብ ግን አልመክርም፤ ማስረጃው ደካማ ነው፣ ለሕመምተኞቹም ስድብ ሆኖባቸዋል።

ለመኳንንቱ ኑሮ ግን ከበሽታው ይልቅ የላቲን አሜሪካው ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ ይጠቅማል። ደም በአብዛኛው ውኃና ፕሮቲን ነው፤ ስቡ በጣም ጥቂት ስለሆነ የሌሊት ወፏ ስንቅ ማከማቸት አትችልም፣ ሁለት ሦስት ሌሊት ሳትመገብ ካደረች ትሞታለች። በዚህም ምክንያት የጠገበችው ለተራበችው ደም ከአፏ መልሳ ታጎርሳለች፤ ውለታውንም የምትመልስላትን ለይታ ታውቃለች ተብሎ በጥናት ተጽፏል። መኳንንትዎን በዚሁ ሕግ ቢያስሩአቸው ፍጹም ብቸኛ ቫምፓየር አይኖርም፤ ሁሉም ባለዕዳና አበዳሪ ናቸው። አንዱን መግደል ያቃታቸው ተጫዋቾች ከአጉራሾቹ ሊያጣሉት ይችላሉ።

መልስ፦ ከሌላ ጨዋታ መሪ

መንፈሱን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ሐሰተኛ መንፈስ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ መደናገርና ቅዠት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1921 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ታሪክ ላይ፣ የእግር ኮቴ እየሰማ የሚሸበር ቤተሰብ ችግሩ የተበላሸ ማሞቂያ ምድጃ ሆኖ ተገኝቷል። ተጫዋቾቹ ጸበል ረጭተውና ሰይፍ መዝዘው ሲያበቁ መስኮት በመክፈት ብቻ የሚድን ቤት ቢያገኙ ይገርማቸዋል። በእኔ ግምት ከአራቱ አንዱ እንዲህ መሆን አለበት፤ ሁሉም እውነት ከሆነ ምርመራው ዋጋ ያጣል።

ከአገራችን ለመበደር ያሰበ ካለ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቡዳ የገደለውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ በባርነት ያሠራዋል የሚል የቆየ ተረት መኖሩን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ለጨዋታም ይማርካል። ነገር ግን ስሙ ለዘመናት የተለጠፈው በቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤል ላይ ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡን ወስዶ ስሙንና ከሙያ ጋር ያለውን ዝምድና መተው ይገባል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጨውንና ጅማትን ወስጃለሁ፤ አጽሞቹ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ክርክር ይመራሉ፤ መኳንንቱም ባለዕዳ ይሆናሉ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ በጨዋታው ውስጥ የሬሳውን መድረቅ በዳይስ እንዴት ላስላው? ደግሞስ ንግግር ሳላደርግ እንዴት ይወቁት?

መልስ፦ ከባዮሎጂ መምህሩ

ዳይሱ ቀላል ይሁን። ደንቡን በሦስት ደረጃ ይክፈሉት። የደረቀው ሬሳ ከቶ አይንቀሳቀስም፤ ገና መላላት የጀመረው በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፣ ተጫዋቾቹም በሃያ ገጹ ዳይስ ላይ ሲመቱት ሁለት ነጥብ ይጨመርላቸው፤ ፈጽሞ የላላው በሙሉ ፍጥነት ይመጣል። በብርድ ቦታ እያንዳንዱን ደረጃ በአንድ ቀን ያራዝሙት።

ለማሳወቁ ደግሞ ሊቅ ከመጥራት አስቀድመው መቃብር ቆፋሪውን ያምጡት። ቆፋሪው ምክንያቱን አያውቅም፤ ሬሳ ሲረከብ ግን ምንጊዜም መንጋጋውን በእጁ ይሞክራል፣ የላላ ከሆነ ጉልበቱን በገመድ ያስራል፣ ከቤተሰቡም አንድ እፍኝ ጨው ይጠይቃል። ነርሷ ተጫዋችዎ «ለምን መንጋጋውን?» ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ቆፋሪው «አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር» ብሎ ሥራውን ይቀጥል።