ሪሴት ከተደረገ በኋላ የድሮ ጂሜይል የሚጠይቅ ስልክ፤ ፈጥናችሁ እርዱኝ

ቢቸናዋ እህት (ጠያቂ)፦
እንዴት አመሻችሁ። ቸኩያለሁና በአጭሩ ልጻፍ። የወንድሜ ስልክ አልከፈት ሲለው በጎን ቁልፎቹ ሪሴት አደረገው፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ አስነሣው ማለት ነው። ተነሥቶ ቋንቋና ዋይፋይ ከመረጥን በኋላ «ከዚህ በፊት በዚህ ስልክ ላይ በነበረ የጉግል አካውንት ይግቡ» ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። እሱ ደግሞ ጂሜይል የለኝም ነው የሚለው። ሱቅ ብንወስደው «ፍላሽ ካልተደረገ አይሠራም፣ ነገ አምጡት» አሉን። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ የሚያነበው፣ ፎቶው፣ ቴሌብሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፍላሽ ይደረግ ወይስ ሌላ መላ አለ? ዛሬ ማታውን ንገሩኝ፣ በእናታችሁ።

ሞጣ 12፦
እንደገና ሪሴት አድርጉት። ፓወርና ድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ ይዞ፣ ዝርዝሩ ሲመጣ «ዋይፕ ዳታ» የሚለውን መምረጥ ነው።

ጠጋኙ ከማርቆስ፦
እህቴ፣ ስልኩ አልተበላሸም። እንደገና ሪሴት ማድረግም ምንም አይለውጥም። ያ የስርቆት መከላከያ ነው፤ ኤፍአርፒ ይሉታል፤ አንድሮይድ ላይ ከ5.1 ጀምሮ አለ። ሪሴቱ ከሴቲንግ ውስጥ ቢደረግ ኖሮ ፓተርኑን (ነጥቦቹ ላይ በጣት የሚሣለውን መክፈቻ) ጠይቆ አካውንቱንም አብሮ ያነሣው ነበር። በቁልፍ ሲደረግ ግን ያደረገው ባለቤቱ ይሁን ሌባ ስልኩ አያውቅም። የአካውንቱ ምልክት የተቀመጠው ሪሴት በማይነካው የሚሞሪ ክፍል ስለሆነ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ያው ጥያቄ ይመጣል።
ሦስት ነገር መልሺልኝ። አንደኛ፣ ስልኩ አዲስ ነው የተገዛው ወይስ ያገለገለ? ሁለተኛ፣ ጂሜይል የሚጠይቀው ገጽ ላይ ከታች «በምትኩ ፓተርኔን ተጠቀም» የሚል አለ? ሦስተኛ፣ የውጭ ሚሞሪ ካርድ ነበረው? ካለ አሁኑኑ አውጡት።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦
ልጄ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ንባቡን ሁሉ ስልክ ላይ ለምን እንዳስቀመጠ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በብዛት የሚሰጠው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። በደብተር ያልተጻፈ ነገር በዚያች ቀን አይገኝም። ሌሊቱን ሁሉ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እህቱ ነሽና ይህን አጋጣሚ ተጠቀሚበት፤ ስልኩ እስከ ፈተናው ድረስ ተዘግቶ ቢቆይ አይጎዳውም፤ የሂሳቡን ቀመር በእጁ ይጻፍ፣ የፊዚክሱን ሥዕል በእጁ ይሣል።

የቡሬዋ፦
መምህር፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ደብተሩ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ዛሬ ክፍሉ ራሱ ቴሌግራም ላይ ነው። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች፣ የመማሪያ መጽሐፉ ፒዲኤፍ፣ «ነገ ትምህርት የለም» የሚለው ሳይቀር በዚያ ነው የሚላከው። መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት በሚታደልበት ክፍል ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኞቹ ኋላ ይቀራል።
እህቴ፣ ንባቡ አልጠፋም። ቴሌግራም የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። ሲሙን አውጥተሽ ያንቺ ስልክ ላይ ክተቺው። ቴሌግራምሽ ላይ «አካውንት ጨምር» የሚለውን ፈልጊ፤ ያንቺ ሳይወጣ የሱ ይጨመራል። ቁጥሩን ስታስገቢ ኮዱ መጀመሪያ ወደተዘጋው ቴሌግራም ሊላክ ይችላል፤ ትንሽ ጠብቀሽ በኤስኤምኤስ እንዲላክ ጠይቂ። ባለሁለት ደረጃ ፓስዎርድ አድርጎ ከነበረ እሱንም ይጠይቃል። ከገባ ቻናሎቹ፣ ግሩፖቹ፣ ለራሱ ያስቀመጣቸው ፋይሎች ሁሉ ይመጣሉ። ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ አይመለስም። ለቴሌብሩም አትጨነቂ፤ ገንዘቡ ያለው ስልኩ ላይ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ሲሙ በተራ ባለቁልፍ ስልክ ላይ ቢሆንም *127# ይሠራል።

ቢቸናዋ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ምክርዎን ለእሱም አነበብኩለት። ጠጋኙ፣ ስልኩ አዲስ ነው፣ ካርቶኑም አለ። ሚሞሪውን አወጣሁት። «ፓተርኔን ተጠቀም» የሚል አለ! ግን የረሳው ያንኑ ነው። ማታ ቀይሮት ተኛ፣ ጠዋት ጠፋበት።

ደጀን በር፦
ያ ፓተርን እንደ አባይ በረሃ መንገድ ቢጠማዘዝም ጣት አይረሳም። ስልኩን በለመደው እጁ ይያዝና ሳያስብ ቶሎ ይሣለው። እያሰበ አንድ አንድ ነጥብ ከፈለገ አይመጣለትም። ፓተርን ቢያንስ አራት ነጥብ ነው፤ መነሻው የት እንደነበር ካስታወሰ ግማሹን አገኘው። የድሮውንም ይሞክር፤ ብዙ ሰው «ቀየርኩ» የሚለው የድሮውን ገልብጦ ወይም አንድ ነጥብ ጨምሮ ነው። በተሳሳተ ቁጥር ስልኩ እያስጠበቀ ይሄዳል፤ አታቻኩሉት።

አዴት ማዶ፦
ሁላችሁም ታልፉታላችሁ እንጂ፣ ጂሜይል የሌለው ሰው ስልክ ጂሜይል አይጠይቅም። የራሱ ካልሆነ የሌላ ሰው ነው። ስልኩ አዲስ አይደለም ማለት ነው፤ ካርቶን ማንም ያመጣል። የሌላ ሰው ንብረት እንዳይሆን ይጣራ።

ቢቸናዋ እህት፦
ኧረ እኔው ራሴ ነኝ የገዛሁለት፣ ፕላስቲኩ ሲነሣ አይቻለሁ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «ልክፈትላችሁ» ብሎ ትንሽ ነካካው፤ ፕሌይ ስቶርም ያኔውኑ ይሠራ ነበር።

ጠጋኙ ከማርቆስ፦
በቃ፣ ተገኘ! ፕሌይ ስቶር ያለ ጂሜይል አፕ አያወርድም። ልጁ በዚያች ቅጽበት ጂሜይል ከፍቶለታል፤ ወንድምሽ ግን አልተነገረውም። አዴት ማዶም መጠርጠሩ አግባብ ነው፤ ያገለገለ ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።
አሁን እንዲህ አድርጉ። በሌላ ስልክ ብሮውዘር የጉግል መግቢያ ገጽ ላይ «ኢሜይል ረሱ?» የሚለውን ይንካ። የራሱን ስልክ ቁጥር ያስገባ፤ ሲሙ መልእክት በሚቀበል ስልክ ላይ ይሁን። ቀጥሎ ስምና የአባት ስም ይጠይቃል። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስሙ ሱቁ ውስጥ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ አታውቁም። «ተስፋዬ» ብቻውን መጨረሻው በዋይ ኢ ወይም በአንድ ኢ ይጻፋል። የአባት ስም ጨርሶ ላይኖርም፣ የሱቁ ስም ሊሆንም ይችላል። ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ በየተራ ሞክሩ፤ በአንድ ጊዜ አሥር ጊዜ ከሞከራችሁ ግን ይከለክላችኋል፤ ያኔ ሰዓታት መጠበቅ ነው። ከተሳካ ኮድ ይልክና በዚያ ቁጥር የተከፈቱትን ጂሜይሎች ይዘረዝራል። ቀጥሎ «ፓስዎርድ ረሱ?» ብላችሁ በዚያው ቁጥር ኮድ ተቀብላችሁ አዲስ ፓስዎርድ አድርጉ።
በቁጥሩ ምንም ካልወጣ ልጁ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ይሆናል። ነገ ፍላሽ ለማስደረግ ሳይሆን ይህን ለመጠየቅ ሂዱ፤ ብዙዎቹ የሚያስገቡት አንድ የለመዱትን ፓስዎርድ ነው።

ሞጣ 12፦
ሪሴቱን ሲያደርግ ሲሙን አውጥቶ ቢሞክረውስ? እንዲያ ያልፋል ይባላል።

ጠጋኙ ከማርቆስ፦
አያልፍም ወንድሜ። ሲሙና ይህ ቁልፍ አይገናኙም።

ቢቸናዋ እህት፦
ፍላሹ ግን ምን ክፋት አለው? ባይሆንልን ብዬ ነው።

ጠጋኙ ከማርቆስ፦
ፍላሽ ማለት ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ነው። ብቻውን ኤፍአርፒን አያነሣም፤ ስለዚህ «ፍላሽ» ብለው የሚሠሩት ባይፓስ ነው፤ ጥያቄውን ሳይመልሱ በጎን ማለፍ ማለት ነው። የሞዴሉ ያልሆነ ፋይል ከተጫነ ስልኩ ጨርሶ አይነሣም። ኢኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ከጠፋ ደግሞ ስልኩ ይከፈታል፣ ኔትወርክ ግን አይዝም፤ ያኔ ልጁ ስልክ ሳይሆን ካሜራ ነው የያዘው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አፕ ጭነው የሚያልፉም አሉ፤ ቴሌብርና ባንክ በሚከፈትበት ስልክ ላይ ያ አፕ እንዲቀመጥ አልመክርም። ጂሜይሉ ፈጽሞ ካልተገኘ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዞ የፋብሪካው ውክልና ያለው የጥገና ማዕከል መሄድ ይሻላል፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ባለ 15 አኃዝ ኢኤምኢአይ ከስልኩ ጋር አመሳክረው በሕጋዊ መንገድ የሚከፍቱ አሉ።
ፎቶውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ስልኩ ውስጥ የነበረው በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው፤ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ ይጠፋል። «እመልሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ አትስጡ። ወደ ጉግል ፎቶስ ይላክ ከነበረ ግን ጂሜይሉ ሲከፈት ታገኙታላችሁ።

የቡሬዋ፦
ሚሞሪውንም ያንቺ ስልክ ላይ ስትከቺው «ፎርማት ይደረግ?» ካለሽ እሺ አትበዪ። እንደ ስልኩ ውስጣዊ ሚሞሪ አድርጎት ከነበረ ሌላ ስልክ አያነበውም፤ እንደ ተራ ሚሞሪ ከነበረ ግን ያለ ምንም ጥያቄ ይከፈታል።

ቢቸናዋ እህት፦
ቴሌግራሙ ገባ! ፒዲኤፎቹ ሁሉ አሉ፤ ልጁ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሚሞሪውም ተከፈተ፣ ግማሹ ፎቶ እዚያ ነው። በቁጥሩ ፈልገን በሦስተኛው አጻጻፍ ሁለት ጂሜይል ወጣ። የአንደኛውን ፓስዎርድ ቀየርን፤ ስልኩ ላይ ስናስገባው ግን አልቀበል አለ። ሁለተኛውን ልሞክር?

ጠጋኙ ከማርቆስ፦
ሞክሪ፤ ስልኩ የሚቀበለው ቀድሞ በውስጡ የነበረውን ብቻ ነው። የሁለተኛውንም ፓስዎርድ ቀይሪና 24 ሰዓት ጠብቂ፤ አዲስ የተቀየረ ፓስዎርድ ቶሎ ላይቀበል ይችላል። ሳትሞክሪ በፊት ዋይፋይ ላይ አገናኚው፤ የራስሽ ስልክ ሆትስፖት ይበቃል። ሰዓትና ቀኑ ከተዛባ ከጉግል ጋር አይገናኝምና እሱንም እዪ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጁን ሙሉ አድርጊው።

ደጀን በር፦
እህቴ፣ ገባላችሁ?

የቡሬዋ፦
ሳትመለሺ ቀረሽ፤ ተከፍቶላችሁ ልጁ ንባብ ላይ ነው ብዬ ልመን። ከገባ በሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ክፈቺና የማስመለሻ ቁጥሩ የማን እንደሆነ እዪ፤ የሱቁ ከሆነ አጥፍተሽ የወንድምሽንና ያንቺን አስገቢ። ጂሜይሉንና ፓስዎርዱን ልጁ ራሱ በእጁ ወረቀት ላይ ይጻፈውና ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ። ፕሌይ ስቶርም ላይ በራሱ ማደሱን አጥፉት፤ አለዚያ ያን ሁሉ አፕ ሲያድስ የወሩን ዳታ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል።